የአያቷን ፊት ያቀላሁ ቀን

ድሬዳዋ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚያ ዓመታት ከእጄ ጠቁሮ የወጣ ሰው አልነበረም። ይህን እንደ ጉራ ነበር የምናገረው። ሙሽራም ይሁን ተመራቂ፣ ለመታወቂያ የመጣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ፊቱን ሳላቀላ አላትምም። ማንም አቅላኝ ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ለእንግዳ ውሃ እንደማቅረብ ያለ ወግ ነው። ደንበኛው ፎቶውን ሲያይ «አቦ፣ አሳመርከኝ!» ይላል፣ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ።

ሌላም ልማድ ነበረኝ። የሱቄ በር ወደ መንገድ የተከፈተ ስለሆነ የድሬ ፀሐይ እስከ ጠረጴዛዬ ትገባለች። የኮምፒውተሬ ስክሪን አልታይ ሲለኝ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ተውኩት። እዚያ ላይ ያማረው ፎቶ ሲታተም ይጨልማል። ሲጨልም ማተሚያውን እሰድባለሁ፣ ቀለሙን እሰድባለሁ፣ ከዚያ ፎቶውን ይበልጥ አፈካዋለሁ። ራሴን መስደብ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ሶማሌ ሴት ስልኳን ይዛ የመጣችው በዚህ አመሌ ላይ ሳለሁ ነው። እናቷ ባለፈው ዓመት ሞተዋል። ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበርና ፊታቸው በደንብ የሚታይበት አንድ ፎቶ ብቻ ነው የቀረው። እሱም ሱቋ ደጃፍ፣ በሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲስቁ የተነሳ ነው። የሸራው ቀለም ወርዶባቸው ፊታቸውም ልብሳቸውም ሰማያዊ ሆኗል።

«ለልጄ ነው» አለችኝ። «ያሳደገቻት አያቷ ናት። አሁን መልኳ እየጠፋባት ነው። ትናንት ‹አዬዮ ፊቷ እንዴት ነበር?› ብላ ጠየቀችኝ፣ ወላሂ።» አዬዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው።

«አባዮ፣ ምንም አታስቢ፣ ለእኔ ተዪው» አልኳት፤ እህቴ ማለቴ ነው። ሰማያዊውን አጠፋሁ፣ ፊታቸውን አቀላሁ፣ ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥላ ሁሉ ጠረግሁና ትልቅ አድርጌ አተምኩት። እጄ ይባረክ እያልኩ ነው የሰጠኋት።

በማግስቱ ፎቶውን ይዛ ተመለሰች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ አየችውና ‹ይቺ ሴትዮ ማናት?› አለችኝ» አለች።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተከራከርኳት። ጥፋቱ የስልኩ ነው፣ የሸራው ነው፣ ደግሞስ ልጅ ምን ታውቃለች አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «እናቴ ጥቁር ነበረች» አለች። «ጥቁር! እንዳንተው። ማን አቅላት አለህ?»

ከዚያ ከያዘችው ፌስታል ውስጥ ድሪያ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። እናቷ በፎቶው ላይ የለበሱት ራሱ ነው፤ የሸክላ ቀለም ያለው ሰፊ ቀሚስ።

«እኔ ጋ ሰው ጨርቅ ሊያመሳስል ሲመጣ ቁራጭ ይዞ ይመጣል» አለች። «በአምፖልም አላሳየውም፣ ወደ ውጭ አወጣዋለሁ። አንተ በልብህ ነው እንዴ የምታመሳስለው?»

በገዛ ሙያዬ ጨርቅ ሻጭ ልታስተምረኝ! ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። እሷ ግን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሳይስተካከል አልሄድም ማለቷ ነው።

ነጭ ወረቀት አነሳሁና ባዶ ነጭ ገጽ ከከፈትኩበት ስክሪን ጎን ያዝኩት። ስክሪኑ እንደ ፋኖስ ያበራል፣ ወረቀቱ ከጎኑ አመድ መስሏል። ሁለቱ እኩል እስኪነጡ ድረስ የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ፤ በሩንም ገርበብ አደረግሁ። ለካ ሲያታልለኝ የኖረው ማተሚያው ሳይሆን ስክሪኑ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ትቼ ከድሪያው ጀመርኩ። ቁራጭ ቁራጭ እያተምኩ በር ላይ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ጨርቁ ላይ አስቀምጣለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች። «ይሄ ደም መሰለ።» «አቦ፣ ቢጫው በዛ።» «ቀረብክ፣ ግን ትንሽ አጥቁረው።» እንደዚያ ያለ ዓይን በሙያው ውስጥ ካለነው ከማናችንም ዘንድ አይቼ አላውቅም። ስድስተኛውን ቁራጭ ሳስቀምጠው ከጨርቁ ጋር አንድ ሆኖ ጠፋብኝና ጠርዙን በጣቴ ዳስሼ ፈለግሁት።

ሰማያዊው የወረደው በሁለቱም ላይ ነውና ድሪያው ልክ ሲሆን ፊታቸውም ተከትሎ መጣ። ማቅላቱን ተውኩ፣ የጠረግሁትንም ጥላ መለስኩ። ወዛቸው ግጥም ያለ ጥቁር ሴት፣ ከዓይናቸው ሥር እንደ እድሜያቸው የተሸበሸቡ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ የሚስቁ። ጨርቅ ሻጯ የታተመችውን ቁራጭ ይዛ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ይህችን ሴት እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ፎቶውን ወርውራልኝ ሄዳ ገበያውን ሁሉ ልታስቅብኝ ትችል ነበር፤ በድሬ ደግሞ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። እሷ ግን ጨርቁን ይዛ ተመለሰች። ዛሬ ሰው ሲመጣ አስቀድሜ የእጁን ቀለም አያለሁ፣ ልብሱን አያለሁ፣ ወደ በር አውጥቼም በብርሃን አየዋለሁ። አቅላኝ የሚለኝ አሁንም አለ፤ ለሱ ደግሞ እንደ አመሉ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን በዚያው ቀን ልጇን ከትምህርት ቤት አምጥታ ስላሳየችኝ ነው። ትልቁን ፎቶ አትሜ ጨርሼ ነበር። ልጅቷ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው። ፎቶውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። እንደ ትናንቱ ማናት ልትል ነው ብዬ አፍ አፏን አያለሁ። እናቷም ቆማ ታያታለች።

ልጅቷ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ፎቶውን ወደ ፊቷ አስጠጋችና «አዬዮ፣ እዪ!» ብላ አፏን በሰፊው ከፍታ ጥርሷ የወለቀበትን ቦታ አሳየቻት።