በስፒከሩ ውስጥ የገባችው አይጥ

ሰፈሩ ጋሽ ጆሮ ነው የሚለው። ዋናውን ስሙን ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውስ የለም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና በጉርምስናው፣ ሲኒማ ቤት የድምፅ ሠራተኛ ሆኖ በተቀጠረ ሰሞን ነው። ፊልም እየታየ እሱ ውጭ፣ ትኬት መሸጫው አጠገብ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ድንገት ብርጭቆውን አስቀመጠና "የግራው ታሟል" አለ። ጓደኞቹ ቀለዱበት። ፊልሙ አልቆ የግራው ስፒከር ሲከፈት ግን ድምፅ የሚያሰማው ወረቀት ጠርዙ ጥፍር በምታክል ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጆሮ ሆኖ ቀረ። ደስ ብሎታል እንጂ አልከፋውም፤ ሌላው ሻምበል፣ መቶ አለቃ መባልን እንደሚወደው እሱም ጆሮ መባልን ይወዳል።

ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ሲሆን፣ ሠራተኛው እንደየፍላጎቱ ማስታወሻ ወሰደ፤ ማን ወንበር፣ ማን መጋረጃ። ጋሽ ጆሮ የወሰደው ከሸራው ግራና ቀኝ ቆመው የኖሩትን ሁለቱን ስፒከሮች ነው። "ወሰደ" ሲባል በብብቱ ይዞ ወጣ ማለት እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዳቸው የቁም ሣጥን ያክላሉ። ከታች ትሪ የሚያክል፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ባለወረቀት ባስ፣ ከላይ ደግሞ አፉን የከፈተ ጡሩንባ የሚመስል የቀጭን ድምፅ ማውጫ አላቸው። በበር አልገባ ብለው የመስኮቱ ፍሬም ተነቅሎ ነው የገቡት። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ከሰፊው ክፍል አንስታ ኮሪደር ላይ ተከለች። "በስተርጅና ሁለት ጣውንት አመጣብኝ፣ ያውም ወፋፍራሞች" ትላለች ላገኘችው ሰው። ያም ሆኖ ፊታቸውን የሚሸፍነውን ስስ ጨርቅ ለክታ የሰፋችላቸው ራሷ ናት።

ክፍሉን ሲኒማ ማድረግ ብዙ አለፋው። ስፒከሮቹን ግድግዳው ሥር ሲለጥፋቸው ባሱ አጓራበት፤ ሳብ አድርጎ ወደ ክፍሉ አመጣቸው። ፊታቸው ቀጥ ሲል ድምፁ ጎንና ጎን ተበተነ፤ ትንሽ ወደ ውስጥ አዞራቸው። ባዶው ግድግዳ ድምፅ እየመለሰ አስቸገረ፤ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለበት። የጣውላው ወለል አብሮ እየተንቀጠቀጠ ሲረብሽ ከሥራቸው የጎማ ቁራጭ አስገባ። በሣጥኖቹ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጥጥ አርጅቶ ስለነበር ደግሞ የመጀመሪያ ፍራሻቸውን ቀዶ፣ ዕድሜ ቢጫ ያደረገውን ጥጥ አባዝቶ ሞላላቸው። የተረፈው በከረጢት ተደርጎ ከሶፋው ኋላ ተቀመጠ። ሚስቱ ያን ፍራሽ ለምን እንደወደደችው ባይነገርም ይታወቃል፤ ስትኳረፈው ሰነበተች።

በመጨረሻ የግራውና የቀኙ ድምፅ እኩል የሚገናኙበትን ቦታ አገኘና የራሱን ወንበር እዚያ አኖረ። ያ ወንበር የማንም አይደለም። ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ የሚቀመጠው ሶፋው ላይ ነው። የሚስቱ ቦታ የሶፋው ጠርዝ፣ የቀኙ ስፒከር አፍንጫ ሥር ነው።

እንክብካቤያቸውን ለማንም አይተውም። አቧራቸውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠርጋል፤ የሽቦ መጋጠሚያቸውን ዝገት ይፍቃል። ከባዱ ባስ ለዓመታት በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ሲኖር ስለሚዘምም፣ ጊዜው ሲደርስ ብሎኑን ፈትቶ የላዩን ወደታች ያዞረዋል። መልሶ ሲገጥም ደግሞ የባትሪ ድንጋይ በሽቦው ጫፍ ያስነካና ሁለቱም ባሶች አብረው ወደፊት መግፋታቸውን ያያል። አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ከሄደ ተገጣጥመው ሳይሆን ተጣልተው ነው የሚሠሩት፣ ባስ የሚባል ነገር አይሰማም።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ ይሞላል። ልጁ ከነባሏና ከነልጆቿ ትመጣለች፤ ጎረቤቱ አናጢም ሚስቱን ይዞ ይመጣል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ግን ሕግ አለ፤ ወሬ የለም። ከወሬ ሁሉ የከፋው ወንጀል ደግሞ "ምን አለ?" ብሎ መጠየቅ ነው። "ጆሮ የተሰጠህ ለጌጥ ነው እንዴ?" ይላል ጋሽ ጆሮ። አናጢው አንድ ጊዜ አምልጦት "ምን አለ?" ቢል፣ ወዳጅነት ሳይታይለት ግቢ ወጥቶ ፊልሙ እስኪያልቅ ከውሻው ጋር ተቀምጧል።

እንግዲህ ስፒከሮቹ መድከም የጀመሩት ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው። የተዋንያኑ ንግግር ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ንግግር ተድበሰበሰ። የወፍ ጫጫታ፣ የቁልፍ መንቃጨል፣ የወረቀት ኮሽታ የሚባል ጠፋ። ጋሽ ጆሮ በሽታውን አወቀ፤ የላይኞቹ፣ ቀጭን ድምፅ የሚያወጡት እያረጁ ነው። መለዋወጫ አፈላልጎ በሣጥኖቹ ውስጥ የደረቁትን ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ በየሣጥኑ ጀርባ ያለውን የቀጭን ድምፅ ቁልፍ ትንሽ ከፍ አደረገ። በሳምንቱ ደግሞ ትንሽ። በሌላው ሳምንት ደግሞ ትንሽ።

ሰው መቅረት የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ የአናጢው ጉልበት ታመመ። ቀጥሎ የልጅ ልጆቹ ፈተና ደረሰባቸው፤ የማያልቅ ፈተና። አማቹ ራስ ምታት ያዘው። ጋሽ ጆሮ አልተቆጣም፤ ፈረደላቸው እንጂ። ንግግሩ የማይሰማ ፊልም ለማየት ማን እሑዱን ይሠዋል? ስለዚህ ቁልፉን አሁንም ከፍ አደረገ። ግን ሆድ ባሰው። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ያላዘነውን ያህል አዘነ። ያን ጊዜ የተዘጋው የሰው ቤት ነበር፤ አሁን እየተዘጋ ያለው የራሱ ነው። እነዚህን ሁለት ሣጥኖች ካላዳንኩ ደጃፌን የሚረግጥ አይኖርም ብሎ ቁርጡን ለራሱ ነገረ። አንድም እሑድ ያልቀረችው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

አንድ ጠዋት ሶፋውን ሲያራግፍ ከሚስቱ ቦታ፣ ከትራሱ ሥር፣ የተድበለበለ ጥጥ ወደቀ። አነሳው፤ ቢጫ ነው። ትራሱን ሲያነሳ ሌላም አለ። የፍራሻቸው ጥጥ! የስፒከሩ ጥጥ! ነገሩ ሁሉ በአንዴ ተገለጠለት። አይጥ ገብታለች። ጥጡን እየጎተተች አውጥታለች፤ ሽቦውንም በልታዋለች። ድምፁ የደከመው ለካ በአይጥ ነው! በደስታ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ።

"ተገኘ!" አለ ጥጡን በመዳፉ ዘርግቶ። "በሽታው ተገኘ! ስፒከሩ ውስጥ አይጥ አለች።"

ሚስቱ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር። ጥጡን አየችው፤ ክሩ ሳተባት።

"አይጥ?" አለች።

"ሌላ ማን ጥጥ ያድበለብላል?"

"ይሆናል" ብላ አንገቷን ወደ ስፌቷ ደፋች።

ወጥመድ ተጠመደ። የያዘው ግን የጋሽ ጆሮን አውራ ጣት ብቻ ነው። ጣቱ በጨርቅ እንደተጠቀለለ የሁለቱንም ሣጥኖች ጀርባ ከፈተ። ጥጡ እንደጠቀጠቀው ነው። የአይጥ ኩስ የለም፣ የተበላ ሽቦ የለም፣ አንዲት ጭረት የለም። ግራ ተጋባ። እስቲ የመጨረሻውን ልሞክር ብሎ ከሲኒማ ቤት ያመጣውን የመሞከሪያ ዲስክ አወጣ። ዲስኩ ላይ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከወፍራሙ ይጀምርና ሳያቋርጥ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይወጣል።

የግራውን ብቻ ከፈተ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ማጫወቻው ላይ የሚታየውን የሰከንድ ቁጥር ያዘ። "እዚህ ጋ ሞቷል ማለት ነው" አለ። የግራውን ዘግቶ፣ ዲስኩን ከመጀመሪያው አስነስቶ የቀኙን ከፈተ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ጠፋ። ቁጥሩን አየ፤ ያው ራሱ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ እጁ ቆመ። የግራው ጡሩንባ የውስጥ ዕቃው ሲኒማ ቤት ሳለ ተቃጥሎ በአዲስ የተቀየረ ነው፤ የቀኙ ከተወለደ ጀምሮ ያለ ነው። ዕድሜያቸው አይገናኝም። ዕድሜያቸው የማይገናኝ ሁለት ስፒከሮች ቁርጥ አንድ ቦታ ላይ አብረው አይሞቱም። ይኼን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩን ያይ ጀመር።

በሩ ተበረገደ። ሚስቱ ናት፤ ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ ጭናለች።

"ኧረ በፈጠረህ አጥፋው!"

"ምኑን?"

"እሱን ነዋ! የአናጢው ውሻ እንኳ እያላዘነ ነው!"

"ምኑን አጥፋ ትይኛለሽ? ካለቀ ቆየ እኮ።"

ሚስቱ ባለችበት ቆመች። ፊቱን አየችና እጆቿን ቀስ ብላ አወረደች። በሁለቱም ጆሮዎቿ ቢጫ ጥጥ ተወትፏል። ከስፌቷ ስትነሳ ቸኩላ ማውጣቱን ረስታው ነበር። ጋሽ ጆሮ ጥጡን አየ፣ የተከፈተውን ሣጥን አየ፣ ከሶፋው ኋላ ያለውን ከረጢት አየ። ከዚያ ተነስቶ ማጫወቻውን አጠፋ። ለእሱ የተለወጠ ነገር የለም። የሚስቱ ትከሻ ግን ወረድ ሲል አየ።

"አይጧ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ክረምቱ ሳይገባ።"

"ሰዉ የቀረው በዚህ ነው?"

"ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ይበሳል እኮ። ልጆቹ ማታ ማታ ጆሯችን ይጮኻል እያሉ..."

"የአናጢው ጉልበትስ?"

"ጉልበቱማ ምንም አልሆነ።"

ጋሽ ጆሮ አፈረ። ቀጥሎ ተናደደ፤ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ሳያውቅ መኖሩ አንገበገበው። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ብሎ ጮኸባት።

"ምን ብዬ? ጋሽ ጆሮን፣ ጆሮህ ደከመ ብዬ?" አለች። "እኔም እንደነሱ ልቅር ብዬ አስቤ ነበር። ብቻህን ከነዚህ ሣጥኖች ጋር ተቀምጠህ ሲታየኝ አልሆንልህ አለኝ። ጥጡ ደግሞ እዚያው ነበር፤ የራሴ ፍራሽ ነው።"

ንዴቱ የት እንደገባ ጠፋ። ጋሽ ጆሮ በተጠቀለለው ጣቱ ዓይኑን ጠረገና ወንበሩን አሳያት።

"ተቀመጪ።"

"ያንተ ላይ?"

"ተቀመጪ አልኩሽ።"

አንድ ፊልም ከፍቶ ከሣጥኖቹ ጀርባ ሄደ። "ልክ ሲሆን ንገሪኝ" ብሎ ቁልፉን መቀነስ ጀመረ። እሷ በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች፤ ቀንስ፣ ቀንስ፣ አሁንም ቀንስ። ለእሱ ተዋንያኑ ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚያወሩ እስኪመስለው ወረደ። ቢሆንም አልተከራከራትም። እጇን ዘርግታ "እዚያ ጋ!" ስትል በስፌት ጠመኔዋ ቁልፉ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ አናጢው ቤት ሄዶ "ጉልበትህ እንዴት ነው?" አለው።

አናጢው የቱ ጉልበቱ እንደሆነ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። "ተሽሎኛል መሰለኝ" አለ።

"ስፒከሩ ተስተካክሏል። እሑድ ና።"

እሑድ ሁሉም መጡ። ሚስቱ መሃል ወንበሩ ላይ፣ እሱ አጠገቧ በርጩማ ላይ መቀመጣቸውን አይተው እርስ በርስ ተያዩና ሶፋው ላይ ተደረደሩ። መብራቱ ጠፋ። ድምፁ ጥሩ እንደሆነ ያወቀው ከፊታቸው ነው፤ ግንባሩን የቋጠረ የለም። ፊልሙ እየሄደ፣ አንዱ ተዋናይ የሆነ ነገር ተናግሮ በር ዘግቶ ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አናጢው ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ ያው ታሞ በነበረው ጉልበቱ በኩል።

ጋሽ ጆሮ አልሳቀም። ሰዉ ከመቅረቱ በፊት ሲያደርግ እንደነበረው አብሮ መሳቅ ይችል ነበር፤ አፉንም ለዚያ ከፍቶ ነበር።

"ምን አለ?" አለ፣ ጮክ ብሎ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ልጁ እናቷን አየች። አናጢው ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ በሩ አየ። ሚስቱ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ ተዋናዩ ያለውን ከነአነጋገሩ ነገረችው፤ እሷም እንዲሰማው ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። ጋሽ ጆሮ አሰበውና ብቻውን፣ ዘግይቶ፣ ከልቡ ሳቀ። በዚህ መሃል ፊልሙ አልፎ ሄዷል።

"እማዬ፣ አሁን ደግሞ ምን አለ?" አለች ልጁ።

"እኔም አልሰማሁት" አለ አናጢው።

ጋሽ ጆሮ ሪሞቱን አነሳና ወደኋላ መለሰላቸው። ያን ቀን ፊልሙ እስኪያልቅ ብዙ ወሬ ተወራ፤ ማንም አልወጣም።