የግመል ምልክት ያለባት ሰዓት

እዚህ ሰመራ፣ በልጄ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ፣ መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጡት ልጆች በኩል የቤንዚን ሽታ ሽው ሲልብኝ፣ ሌላው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አዋሽ ሰባት እገባለሁ። አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ስለነበረ፣ የፈታውን ማሽን በቤንዚን የሚያጥብባት የሳርዲን ቆርቆሮ ከጠረጴዛው ጥግ አትጠፋም ነበርና፣ ልብሳችንም ብርድ ልብሳችንም ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

አያቴ ከወሎ ወርዶ በባቡሩ ሥራ ያረጀ ሰው ነበር፤ ሲሞት ለአባቴ የተወለት አንዲት የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። አባቴ «የሰዓት ቤቱና ፊቱ ልብስ ነው፤ ሰውየው ውስጥ ያለው ማሽን ነው» ይል ነበር፤ ክዳኑን ከፍቶ የነሐሱን ቀለም፣ የቀያዮቹን ድንጋዮች አቀማመጥ፣ ብሎኑ በሌላ እጅ የተቧጨረ መሆን አለመሆኑን አይቶ፣ መጨረሻ ላይ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ይሄ እውነተኛ ነው፣ ይሄ የተቀጣጠለ ነው ብሎ ይለይ ነበር። ሁመድ የሚባል አፋር ወዳጅ ነበረው፤ ግመሎቹን ለገበያ ባመጣ ቁጥር ደጃችን አረፍ ይል ነበር። አንድ ቀን የአያቴ ሰዓት ተፈታታ ሲያያት፣ «ምልክት የሌለው ግመል ላገኘው ሰው ነው፤ የዚችስ ምልክት የታል?» አለና የጎሳውን የግመል ምልክት በዱላው አፈር ላይ ሣለለት። አባቴ ስቆ፣ ያንኑ በመርፌ ጫፍ አሳንሶ፣ ማሽኑ ውስጥ የምትወዛወዘው ጎማ ከተያዘችበት ትንሽ ሳህን በታች ጫረው። ሳህኑ ካልተፈታ ማንም አያየውም።

ደርግ ከመጣ በኋላ፣ ድንጋዩ እንደ ምጣድ በሚግልበት አንድ በጋ፣ ቤት ለቤት ፍተሻ ሆነ። የፈተሸን የአብዮት ጥበቃ ሹሙ ጓድ ከማል ነበር፤ ያገራችን የወሎ ልጅ፣ ከአባቴ ጋር ከአንድ ሰሃን የበላ ሰው። ሰዓቷን ለማጣራት ብሎ ወሰዳት፣ ሰነባብቶም መለሳት። አባቴ ጆሮው ላይ ሲያስጠጋት ፊቱ ተለወጠ፤ ሲከፍታት ቤቷ የእኛ፣ ፊቷ የእኛ፣ ማሽኑ ግን ባዕድ ነው፤ ፊቷን ከማሽኑ የሚያያይዙት እግሮች ከቀዳዳቸው አልገጥም ብለው በሙጫ ተለጥፈዋል። እኔን በእጁ ይዞ ከማል ዘንድ ሄደ።

«ጓድ ከማል፣ የሰዓቴ ማሽን ተቀይሯል።»

«ማሽን ሁሉ ማሽን ነው። ያንተ መሆኑን በምን ታውቀዋለህ? ምልክቱን ንገረኝና ልፈልግልህ።»

አባቴ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ምልክቱን ቢናገር በማግስቱ በሞረድ እንደሚጠፋ ገብቶታል። «ምልክት ከሌለህ አብዮቱን ሌባ ብለሃል ማለት ነው» አለና ከማል አሰረው።

ክረምቱን ሁሉ እናቴ ምግብ ስታመላልስ፣ አዋሽ ከደጋ ባመጣው ጎርፍ ቀልቶ በገደሉ ውስጥ ሲያጓራ ከረመ። አባቴ ሲፈታ የቀኝ እጁ ጣቶች ተሰባብረው፣ ተቆልምመው ቀርተው ነበር፤ ወረንጦ መያዝ ቀርቶ ጉርሻ አይጠቀልሉም። ጎረቤቱ «አላህ ይበቀልላችሁ» ሲል፣ እናቴ «አላህ ሥራ ይበዛበታል፤ ይቺን እኔ እይዝለታለሁ» አለች። አባቴ «አስተግፊሩላህ በይ» ቢላትም ራሱ ፈገግ አለ። ከዚያ እሷ ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ አጠገቧ ምንጣፍ ላይ ሆነው፣ እሱ በአፉ እሷ በእጇ መሥራት ጀመሩ። መቼም ትዕግሥቱ የጉድ ነበር፤ «ግድ የለም፣ ብናኙ ሰዓት ያቆማል፤ ጥጥ ያመጣዋል» ይላት ነበር።

ጥጡም አመጣው። መልካ ወረር የጥጥ ለቀማ ደርሶ ከማል ዘመቻውን ሊቆጣጠር ወርዶ ነበርና፣ አቧራና ብናኝ ገብቶባት በወርቅ ቅብ ቤት የምታብረቀርቀው ሰዓቱ ቀጥ አለች። አባቴ እጅ እንደሌለው ስለሚያውቅ፣ ሴት ምን ታውቃለች ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ራሱ ይዟት መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰዓት ነው እንጂ ሽሮ እንዳይመስልሽ።»

«ሽሮም ሰዓትም ድምፁን ሰምተው ነው የሚያወጡት፣ ጓድ» አለችው።

እሱ እንደወጣ ከፈተቻት፣ ሳህኗን ፈትታ ገለበጠቻት። አባቴ «ምን አለ?» ሲላት፣ «ዘመድ መጥቷል» አለች። የአያቴን ማሽን አውጥታ፣ ከማል እኛ ላይ ጥሎት የነበረውን የራሱን ማሽን አጥባ ወደ ወርቅ ቅቡ ቤት መለሰችው። ሲመጣ ሰዓቱን አዳመጠና «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ሄደ።

በልጉ አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ ያ ደካማ ማሽን ይዘገይ ጀመር። ከማል አለቆቹን ጣቢያ ሊቀበል ሄዶ፣ ባቡሩ አውርዷቸው ካለፈ በኋላ ደረሰ። በንዴት ሰዓቱን ናዝሬት ልኮ ቢያስከፍት ውስጧ ያለው ርካሽ ማሽን ነው መባሉን ሰምቶ፣ በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ መሃል መጥቶ «ይሄ የኔ ማሽን አይደለም» ብሎ ጠረጴዛችን ላይ ወረወራት።

እናቴ ቀስ ብላ ተነሣች። «ማሽን ሁሉ ማሽን ነው፣ ጓድ። ያንተ መሆኑን በምን ታውቀዋለህ? ምልክቱን ንገረኝና ልፈልግልህ።»

ያኔ አባቴ «ሁመድ፣ ና ከብትህን እይ» አለና፣ እናቴ የአያቴን ማሽን ሳህኗን ፈትታ ከነማጉያ መነጽሩ ሰጠችው። ሁመድ ደጋግሞ አየና ገበያ ለወጡት ሽማግሌዎች አሳለፈላቸው። «የጎሳዬ ምልክት ነው። ግመል ሰርቆ ቆዳ የሚቀይርለት ሌባ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ከማል እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ፣ ጠብመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙትን የሁመድን ዘመዶች አየ፣ እጁን መለሰ።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉውን፣ የሰማውንና ያየውን ሁሉ፣ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ወሬው ወንዙን ተከትሎ ወረደ። ከማል አፍሮ ዝውውር ጠይቆ አሳይታ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ገብቷል፤ ልጆች ሳይቀሩ «ሰዓትህን ገልብጥልን፣ ምልክቷን እንይ» ይሉት ነበር አሉ። አፋምቦ ድረስ ሄዶም አላመለጠም፤ በኋላ ክንዱ ባዶ ሆነ። እናቴ ይህን በሰማች ቀን ምሳ ደግማ በላች።

ደርግ ወድቆ፣ አባቴም በዚያው በተቆለመመ እጁ ከተቀበረ በኋላ፣ ከማል ከስቶ ለቅሶ ቤት መጣና አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለ። እናቴ ቀና ብላ አየችው። «የተቀበሩትን ጣቶች አቃንተህ ና፤ ያኔ አፉ እልሃለሁ» አለችው። ይህንኑ ቃሏን ይዛ ሞተች።

ዛሬ ሰመራ ሰዓቱን ሁሉም ከስልኩ ያየዋል፤ የአንዱም ከሌላው አይለይም። የከማል ልጅ ጎረቤቴ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ «አባባ» እያለ ጁምዓ ጁምዓ ክንዴን ይዞ መስጊድ ያደርሰኛል፣ ሰላምታውን አልነፍገውም። ለሟች አባቱ ዱዓ ሲያስደርግ እንዳላሳፍረው እጄን ከሰዉ ጋር አነሣለሁ። እናቴ ያኔ ለቅሶ ቤት በድምፅ ያለችውን እኔ ዛሬ በዝምታ እለዋለሁ፤ «አሚን» የምትለዋን ቃል ግን እስካሁን ከአፌ አላወጣኋትም።