የተሰነጠቁት እንቁላሎች

እንጀራዬ ከእንቁላል ነው። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ጊዜ ሲተርፈኝ ቤተ ሙከራ ገብቼ የእንቁላል ቅርፊት በጥቂቱ እከፍትና ጽንሱን በከበበው ስስ ገለፈት ላይ ጠብታ አሳርፋለሁ። ጠብታው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሞለኪውሎች ከሠሩ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል ያግዳሉ። ካንሰር የሚያድገው ለራሱ የደም ሥር እያበቀለ ስለሆነ፣ ይህን የሚያግድ ያገኘ ሰው ብዙ አገኘ ማለት ነው። እኔ እስካሁን የቻልኩት ጫጩት ላይ ብቻ ነው።

የከተማ እርባታ ዶሮ አውራ አታውቅም፤ እንቁላሏ ጽንስ የለውም። ስለዚህ አባቴ ከውጫሌ ወዲያ ካለው መንደራችን ይልክልኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን ገበያ የዋለ ነጋዴ ነው፤ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ እያነሳ፣ ስንጥቁን አስቀርቶ፣ ደህናውን በጭድ ሸፍኖ በአውቶቡስ ይሰደዋል። በስንጥቅ በኩል ሻጋታ ከገባ ሥራዬ ገደል ገባ።

አንድ ጊዜ የመጣው ካርቶን ግማሹ ስንጥቅ ሆነ። ደውዬ ተቆጣሁ።

«መንገዱ ነው ልጄ፤ ወላሂ መንገዱ ነው» አለኝ።

ቀጥሎ የመጣው ባሰ። ተነስቼ ወደ መንደሩ ሄድኩ።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱ ቆምኩ፤ ዝም አለኝ። «አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ» ስለው ነው ያወቀኝ።

በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቁ መተላለፍ ነውር ነው። አባቴ ሌላው እስኪጀምር እየጠበቀ፣ ሰዉን በድምፁ እየለየ ከርሟል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ስለሚኖር ማንም አልነቃበትም፤ እንዲያውም ዝግታውን ትሕትና ብለው ያወድሱለት ነበር። በዚያ ሰላምታ ተናደድኩ። ለላሟ ደኅንነት ሁሉ አልሐምዱሊላህ ሲያስብሉት፣ ዓይንህስ ያለው አንድ ሰው የለም።

ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሙ መርምሮት ስኳር ነው አለ። ስኳር እንዳለበት ማን ያውቃል! ዓይኑ ውስጥ አዲስ የደም ሥሮች በቅለው፣ ደም አፍስሰው፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን ስበው ገንጥለውታል። ቀደም ብሎ ቢመጣ ዓይን ውስጥ የሚወጋ፣ የደም ሥሮቹን የሚያግድ መድኃኒት ነበረ። አሁን ግን ብርሃኑን የሚመልስለት የለም። ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ሐኪሙ ለእኔው አስተማረኝ፤ እኔም እንደ ተማሪ ራሴን ነቀነቅኩ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጧል። ሐይቅ ከተማ ልንደርስ ስንል ጠየቀኝ።

«ሐኪሙ ያለው የደም ሥር፣ አንቺ እንቁላል ውስጥ የምታቆሚው ነው?»

«እሱ ነው አባዬ።»

«ታዲያ መድኃኒትሽ ለኔ አይሆንም?»

«የእኔ ገና ሰው ላይ አልተሞከረም። ቢሞከርም ረፍዷል።»

«ጫጩቷስ? ስታቆሚባት ምን ትሆናለች?»

«ትሞታለች።»

«ሱብሐነላህ! ለሚያስፈልጋት ከለከልሽ፤ ለማያስፈልገኝ ለኔ ዘገየሽ» ብሎ ሳቀ። ሾፌሩም አብሮት ሳቀ። እኔ ግን ተቃጠልኩ።

ከዚያ አየሩ ሲቀዘቅዝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሐይቁ ደረስን መሰል» አለ።

ደርሰን ነበር። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ተንጣልሎ ይታያል፤ ለእኔ።