ለኮርኒስ ብዬ የላክኳቸው ሽማግሌዎች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ በጾም ቡና በወተት መጠጣቴን ሳይቀር ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ውጬዋለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ሰው በገንዘብ ይሳሳታል፣ በቅናት ይሳሳታል። እኔ አንዲትን ሴት ከሱቋ ያስወጣሁት ከኮርኒስ በላይ ያለውን ለማየት ጓጉቼ ነው ብል ማን ያምነኛል? እናንተ ግን ስሙኝ። አታውቁኝምና ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

የምሠራው እዚህ በሰው አገር፣ ሴንት ፖል ከተማ ዳውንታውን፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። አምፖል እቀይራለሁ፣ ቧንቧ እጠግናለሁ፣ ማሞቂያው ሲያኮርፍ አባብለዋለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሕንፃን ከሕንፃ በሚያገናኘው የስካይዌይ መተላለፊያ ዳር፣ የሺ የምትባል ያገሬ ልጅ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ነበራት። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። በክረምት ከብርድ የሸሸ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ በበሯ ያልፍ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው። እኔን "ወንድሜ" ነው የምትለኝ፤ የተቀደደ የሥራ ሱሪዬን ስንት ጊዜ በነፃ ሰፍታልኛለች።

አንድ ቀን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፍለጋ ከሱቋ በላይ ያለውን የኮርኒስ ሰሌዳ ገፋ አድርጌ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ባትሪ አበራሁ። ቧንቧው ቅርብ ነበር፤ ከቧንቧው በላይ ያለው ጨለማ ግን ማለቂያ የለውም። ብርሃኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ከጂፕሰም የተሠራ የወይን ቅጠል ነው፤ ጠርዙ ወርቅማ። ከአጠገቡ ሰማያዊ የመስታወት ጥግ ይታያል። የቀረውን የአየር ማመላለሻ ቱቦ ጋርዶታል። ቅጠሉ ከየት ይጀምራል? መስታወቱስ የት ያልቃል? ማን ሠራው? ማንስ፣ ምን ነክቶት፣ በነጭ ሰሌዳ ሸፈነው? ከመሰላሉ ወረድኩ፤ ሐሳቡ ግን አልለቀቀኝም። ምሳ ስበላ እሱን አስባለሁ፣ ባለቤቴ ስታወራኝ እሱን አስባለሁ።

በኋላ ባለንብረቱ ሕንፃውን አፓርትመንት ሊያደርገው ወሰነ። ቢሮዎቹ ቀድሞም ባዶ ስለነበሩ የቀረችው የሺ ብቻ ሆነች። የሕንፃው ማኔጀር ነገሩን አስረዳኝ። እሷ ከወጣች ያንን ፎቅ እስከ ጣሪያው ይከፍቱታል፤ ካልወጣች ደግሞ ውሏ እስኪያልቅ ሱቋን ትተው ዙሪያውን ይሠራሉ፣ ኮርኒሱም እንዳለ ይቀራል። ለእሱ ሁለቱም አንድ ነበር። ልብ በሉ፤ ማንም አላስገደደኝም። ያገርህ ሰው ናት፣ እስቲ አነጋግራት አለኝ፤ አነጋገርኳት።

"የሱቁ ሊዜ አላለቀም፤ ሙቭ አላደርግም፣ አልለቅም" አለችኝ። "ደግሞስ ላይ ሰው ሊገባ አይደል? ሱሪ የሌለው ሰው አለ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነበር። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ሽማግሌ ላክኩባት።

ይህ የማኔጀሩ ሐሳብ አይደለም፤ እሱ ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? የእኔ ነው። ሰው ሽማግሌ የሚልከው ትዳር ሊጠይቅ፣ የተጣላ ሊያስታርቅ ነው፤ እኔ ለኮርኒስ ላክኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም የሚያከብራቸውን ጋሽ ታምራትን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በመኪናዬ ይዤ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ቤቷ ሄድኩ። መንገድ ላይ፣ እምቢ ካለች ፍርድ ቤት ሊያቆሟት ነው፣ ባዶ እጇን ልትቀር ነው አልኳቸው። ዋሸሁ። እነዚያን የመሰሉ ሽማግሌዎች ዋሸሁ። እነሱ ደግሞ አዘኑላት፤ "ደግ አደረግህ፣ በጊዜ ነገርከን" አሉኝ።

ሳሎኗ ገብተው፣ ሳትከሰስ ሱቁን እንድትለቅ እየለመኗት፣ ሦስቱም እንደቆሙ ቀሩ።

"እሺ ሳትይን አንቀመጥም፣ ልጄ" አሏት ጋሽ ታምራት። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እሳቸውን የመረጥኩትም ለዚሁ ነበር።

ልጇ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ በእንግሊዝኛ፣ ውል እኮ አለሽ፣ ለምን ትሰሚያቸዋለሽ አለቻት።

"ዝም በይ! ትልቅ ሰው ፊት ነው" አለች የሺ። ከዚያ የጋሽ ታምራት እግር ሲንቀጠቀጥ አየች። "እሺ። እሺ ብያለሁ፤ በሞቴ ይቀመጡልኝ።"

መረቋት። እኔም ከኋላ ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።

የሺ ሱቁን ለቀቀች፤ ኮርኒሱም ተነሣ። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ነገር አላየሁም። የወይኑ ሐረግ ጣሪያውን ይዞረዋል፤ መሀሉ ላይ ሰማያዊና ማር የሚመስል ቢጫ የተሰካካበት ትልቅ ክብ መስታወት አለ። ከላይ የተቀባበት ሬንጅ ሲፋቅ፣ በፎቆቹ መሀል ባለው ክፍት ቦታ የሚመጣው የሰማይ ብርሃን የስፌት መኪናዋ የነበረበት ቦታ ላይ ወረደ። አለቀስኩ። በጸጸት እንዳይመስላችሁ፤ በደስታ ነው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

የሺ ሮዝቪል በምትባል ሌላ ከተማ ሱቅ ከፍታ ሞክራ ነበር። ደንበኞቿ ግን በስካይዌይ የሚያልፉ እግረኞች ነበሩ፤ ሱሪ ለማሳጠር ብሎ ሮዝቪል ድረስ የሚነዳ አልተገኘም። ዘጋችው። አሁን ሮቢንስዴል ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ሰው ስታነሣ ስታስተኛ ወገቧን ያማታል። ጋሽ ታምራት በጎ ሥራ እንደሠሩ አምነው አርፈዋል። የሺ ቤተ ክርስቲያን ስታገኘኝ ምን እንደምትለኝ ታውቃላችሁ? "እነሱ አውጥተው ይጥሉኝ ነበር፤ አንተ ግን አክብረኸኝ ሽማግሌ ይዘህ መጣህ።" ታመሰግነኛለች!

ባለፈው ደግሞ ጠየቀችኝ። "ያ ኮርኒስ ሲነሣ ምን ተገኘ? ያን ሁሉ ዓመት ከሥሩ ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ ሳላየው።"

"ምንም። አቧራና ቱቦ ነው" አልኳት።

ለምን? እንዳይከፋት ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ። አይደለም። ጣሪያውን ካየች ዞራ ፊቴን ታያለች፤ ፊቴን ካየች ሁሉን ታውቃለች። ሱቋን ወስጄባት ሳበቃ ማየቱንም ከለከልኳት። የሕንፃው ቁልፍ እጄ ላይ ነው፤ በፈለገችው ቀን ላስገባት እችላለሁ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት፣ እሷን ደግሞ አልጠየቅኳትም። ዛሬ ጠዋትም ሥራ ከመጀመሬ በፊት፣ ብቻዬን ቆሜ ጣሪያውን ሳይ ነበር።