ጳጉሜን የረሳው ፖሊሲ

በአንድ የመቐለ ሆስፒታል የኮምፒውተር ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ የአንዲት ሴት የደም ምርመራ ውጤት ሐኪሟ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ከላብራቶሪው ማሽን ውጤት እያነሳ የዋርዱ፣ የታማሚዎቹ መኝታ ክፍል፣ ኮምፒውተር ወደሚያነብበት ፎልደር የሚያስቀምጥ ስክሪፕት የምንለው አንድ አጭር ፕሮግራም ነበረን። ካርድ ክፍሎች «የግንቦቱን አምጡ» እያሉ ስለሚጠይቁን ፎልደሮቹ በእኛው አቆጣጠር በየወሩ የተከፈሉ ነበሩ። ስክሪፕቱ በሙሉ ሥልጣን ስለሚሠራ፣ አንድ ክፉ ሰው ቢገባበት በዋናው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ ያለውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። ሌላው ሰው ሊኑክስ የሚባለውን የሰርቨር ሥርዓት ሲጭን አብሮት የሚመጣውን ጥበቃ ገና ከመነሻው ይዘጋዋል፤ ያስቸግረዋላ። እኔ ግን ግትር ነኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር እያልኩ ለስክሪፕቱ የራሱን ፖሊሲ ጻፍኩለት፦ ይህን አንብብ፣ እዚህ ጻፍ፣ ከዚህ ውጭ የሰርቨሩ አለቃ ራሱ ቢያዝህ እንኳ አትችልም።

ፖሊሲውን ጥቂት ሳምንታት ሳይከለክል እንዲመዘግብ ብቻ አድርጌ ተከታተልኩት። ክረምቱ ሲገባ መከልከል እንዲጀምር አደረግኩት። ዋናውን ፎልደር በሙሉ መፍቀድ ስንፍና መስሎ ስለታየኝ ወሮቹን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ ዐሥራ ሁለት መስመር። ኮራሁበትም። በልጅነቴ ጳጉሜ ሦስት በመጣ ቁጥር በሩፋኤል ዝናብ ልጠመቅ ልብሴን አውልቄ ግቢ ለግቢ የሮጥኩ ሰው፣ ጳጉሜን ረሳኋት። ደመወዝ የሌላት ወር ናትና የመሥሪያ ቤት ሰው ሲቆጥር ዐሥራ ሁለት ላይ ያቆማል።

ጳጉሜ በገባ በመጀመሪያው ቀን ስክሪፕቱ አዲሱን ፎልደር ሊከፍት ሲል ፖሊሲዬ ከለከለው። ሲከለከል ለሰው እንዲናገር አላደረግኩትም ነበር። የላብራቶሪው ስክሪን «ተልኳል» ይላል፤ የዋርዱ ባዶ ነው። ግማሹ ሠራተኛ ለዓውደ ዓመት አገሩ ገብቷል። የዋርዱ ነርስ ላብራቶሪ ስትደውል «ልከናል» አሏት፤ እሷም ይመጣል ብላ ጠበቀች። ታማሚዋ ኩላሊቷን የሚያማት፣ ከወሎ መጥታ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር የምትኖር ሴት ነበረች፤ ባሏ የግንባታ የቀን ሠራተኛ ነው። ደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ልብ የሚያቆም ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ውጤቱ የወጣው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ሞተች።

በማግስቱ መዝገቡን ከፈትኩት። ያው አንድ መስመር በየአምስት ደቂቃው ተደጋግሟል፤ ተከልክሏል፣ ተከልክሏል። ማስተካከያውም አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጳጉሜን ጨመርኩ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። በሩን ዘጋና፣ «ስማዕኒ ሓወይ፣ ስማኝ ወንድሜ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር ብለህ ጻፍ። የሞተች አትመለስም፤ አንተም ልጆች አሉህ» አለኝ። እንዳለኝ ጻፍኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

መስከረም ገብቶ ባልየው የሞት ማስረጃዋን ሊወስድ መጣ። የሚታተመው እኔ ክፍል ስለነበር ወደ እኔ ላኩት። ወረቀቱን ሰጥቼው «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አልኩት። በሲሚንቶ የደረቁ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ እጄን ያዘኝ።

«አሚን ወንድሜ። ብዙ ደከማችሁላት። ምን ይደረግ፣ ቀኗ ደርሶ ነው» አለኝ።

እኔም ራሴ ስንት ለቅሶ ቤት ይህንኑ ብያለሁ። ያን ቀን ግን መስማት አቃተኝ።

«ቀኗ አልደረሰም ነበር» አልኩት። «ውጤቷ ጠዋት ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ጋ እንዳይደርስ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ። መብራት ጠፋ ብዬ የጻፍኩትም ሐሰት ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። እሱ ግን እጄን ቀስ ብሎ ለቀቀና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ቢደርስ መድኃኒት ነበረው?» አለኝ።

«ነበረው» አልኩት።