ሽታው ከማን ነው?

እኔ ዝም ማለት የማልችል ሴት ነኝ። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል። ፓርክላንድስ ያለችው ምግብ ቤቴ መጥቶ ሽሮው ወፍሯል የሚለኝን ሰው፣ አንተም ወፍረሃል እለዋለሁ፤ ስቆ ይበላል። ስለዚህ ጓደኛዬ ዘመናይ ቅዳሜ ጠዋት ደውላ "ጥሩወርቅ፣ እባክሽ ነይ፣ አባዬ ነገ ሊሄድ ነው" ስትለኝ፣ የፈለገችው እኔን ብቻ ሳይሆን አፌንም እንደሆነ ገባኝ። መናገር ያቃታት ነገር አለ ማለት ነው።

አባቷ ጋሼ ሀብተወልድ ናቸው። ሐረር ተወልደው ሐረር ያረጁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ የሺወርቅ ሲያርፉ ዘመናይ "ብቻህን አትኖርም" ብላ ይዛቸው መጣች። ቤታቸውን አከራይተው፣ ዕቃቸውን ለዘመድ አከፋፍለው፣ የቀረችኝን ዕድሜ ከልጄ ጋር ልጨርስ ብለው ነው የመጡት። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ነበሩ። የበሽተኛ አንሶላ፣ የወላድ ጨርቅ፣ የሐኪም ጋዋን፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ አልፎ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ያውም ሐረር ላይ! የዚያን ጊዜዋን ሐረር ያላየ ሰው የውሃን ዋጋ አያውቅም። ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ያፏጫል፣ ውሃ በጄሪካን ሆኖ በአህያ ይመጣል። እሳቸው ቤት ፊት የታጠቡበት ውሃ እግር ይታጠብበታል፣ እግር የታጠቡበት ደግሞ ግቢ ይረጭበታል። ከሥራ ሲመለሱ ዘመናይ ሮጣ አንገታቸው ሥር ትወሸቅ ነበር። "ልጅ ሆኜ አባት የተባለ ሁሉ ሳሙና ሳሙና የሚል ይመስለኝ ነበር" ብላ አጫውታኛለች።

ኪሌሌሽዋ የሚኖሩበት ፎቅ ላይ እነ ዘመናይ የራሱ መታጠቢያ ያለው ክፍል ሰጧቸው። በመጡበት ቀን ማታ፣ አማቻቸው ይድነቃቸው ራት ላይ ስለ ናይሮቢ ሲያወራ "እዚህም ውሃ ችግር ነው አባባ፤ የሕንፃው ውሃ ሲጠፋ በቦቴ እየገዛን ነው የምንኖረው" አለ። ወሬ ነው እንግዲህ፤ እሱ ኢምባካሲ ኤርፖርት ካርጎ ሲያስጭን ውሎ የደከመው ሰው ነው፣ ያለውንም በማግስቱ ረስቶታል። ጋሼ ሀብተወልድ ግን የሰሙትን የሚረሱ ሰው አይደሉም።

ከልጅ ልጃቸው ከሐሊና ጋር የነበራቸውን ፍቅር ባያችሁ። ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ወርውራ ጭናቸው ላይ ነው። እሳቸው የሐረርን ጅብ ታሪክ ይነግሯታል፣ እሷ ስዋሂሊ ታስተምራቸዋለች፣ ሲሳሳቱ "ኖ ኖ አባባ፣ አጌን!" ትላቸዋለች። እኔ እንኳን ስሄድ ሁለቱን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር የምመለሰው።

እና ጥር ላይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ቤቱ መሽተት ጀመረ።

ያን ቅዳሜ በሩን ስትከፍትልኝ ገና አፍንጫዬን መታኝ። "ምንድነው የሚሸተው?" ማለት ስጀምር ዘመናይ እጇን አፌ ላይ አድርጋ ወደ ማድ ቤት ጎተተችኝ። በሩን ዘግታ በሹክሹክታ ነገረችኝ። መጀመሪያ ፍሪጁ ነው ብለው ባዶ አድርገው አጠቡት። አይጥ ሞታ ይሆናል ብለው ሶፋውን ገለበጡት፣ ምንጣፉን አወጡት። ፉንዲ፣ የቧንቧ ጠጋኝ ማለቴ ነው፣ ጠርተው የማድ ቤቱን ማጠቢያ አስፈቱት፤ ምንም የለም። በኮምጣጤ ወለወሉ፣ ሎሚ ቀቀሉ፣ ሱፐርማርኬት ያለ የሚነፋ ነገር ሁሉ ነፉ። ሽታው ትንሽ ይሸሽና ይመለሳል።

"ከየት ነው የሚብሰው?" አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ከአባዬ ክፍል።"

"ታዲያ ክፍላቸውን አላያችሁትም?"

"ምን ብዬ ነው የማየው? መታጠቢያውን እንኳን ሠራተኛዋ እንድትነካበት አይፈልግም፣ ራሱ ነው የሚያጸዳው። ትልቅ ሰው ነው ጥሩዬ። ዕድሜ ነው። አንዳንዴ ሳይታወቃቸው... አባቴን ትሸታለህ ልበለው?"

"እና ምን አደረግሽ?"

ያደረገችውን ስትነግረኝ ራሴን ያዝኩ። ሽቶ ገዛችላቸው። ቀጥሎ ጥሩ ሳሙና። ቀጥሎ አዲስ የውስጥ ልብስ፣ ቀጥሎ አዲስ ፍራሽ። ሁሉንም "ስጦታ ነው አባዬ" እያለች። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው እድፍ ሲያጸዱ ለኖሩ ሰው ሽቶና ሳሙና በስጦታ! ከፍራሹ በኋላ ነው ወደ ሐረር መልሱኝ ያሉት። "የእናትሽ መቃብር ናፈቀኝ አለኝ" ብላ አለቀሰች። እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው የለም። ሁለታችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ወደ ክፍላቸው ሄጄ አንኳኳሁ። መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን አልጋው ላይ አሰናድተው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነስተው ወንበሩን ሰጡኝና እሳቸው ራቅ ብለው መስኮቱ ሥር ቆሙ። ወትሮ እንኳን ሊርቁኝ፣ ሦስት ጊዜ አገላብጠው ሳይስሙኝ አይለቁኝም ነበር።

"ጋሼ፣ ምነው? ማን አስቀየመዎት?"

"ማንም። እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የያዙኝ።"

"ታዲያ የት ነው የሚሄዱት?"

በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጥሩዬ፣ አንቺ ሰው ፊት አትሸሽጊም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ። ስትገቢ ሸተተሽ?"

ዝም ማለት የማልችለው እኔ ምላሴ ተሳሰረ። ቢቸግረኝ "ሸተተኝ" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ ምን?"

"ሽታው እኔ ነኝ። እርጅና ነው ልጄ፣ ውስጥ ሲያረጅ ሳሙና አይደርስበትም። ጠዋት እታጠባለሁ፣ ቀትር ላይ እታጠባለሁ፣ ማታ እታጠባለሁ። ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ያን ሁሉ አንሶላ ነጭ ያደረግሁ ሰውዬ ራሴን ማንጻት አቃተኝ።" ጋቢያቸውን ወደ ሰውነታቸው ሰበሰቡ። "ልጄስ ትችለኛለች። ሐሊና ግን ጭኔ ላይ ልትወጣ ስትል ጉልበቴን አሞኛል እያልኩ እመልሳታለሁ። ልጅ ናት፣ የሸተታትን ሸተተኝ ትላለች። ያን ከእሷ አፍ ከምሰማ፣ ሐረር ብቻዬን ብሞት ይሻለኛል።"

እኔ አልቃሻ አይደለሁም፤ ሽንኩርት እንኳን አያስለቅሰኝም። ግን እሳቸው ፊት እንዳላለቅስ ብዬ "ፊቴን ልታጠብ" አልኩና መታጠቢያ ቤታቸው ገባሁ። በሩን ስከፍት ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። የፍሳሽ ሽታ ነው፣ የሰው ሽታ አይደለም። ዙሪያውን አየሁ። ወለሉ ያበራል። ሳፋው ታጥቦ ግድግዳውን ተደግፏል፣ መወልወያው ተጨምቆ ተሰጥቷል። ሻወሩ ሥር ጎንበስ ብዬ የፍሳሹን ቀዳዳ ሳይ ደርቆ አጥንት ሆኗል። ከወንፊቱ ሥር ሸረሪት ድሯን አድርታለች። የሚታጠብ ሰው ባለበት ቤት፣ በሻወር ቀዳዳ ውስጥ ሸረሪት ምን ትሠራለች?

"ጋሼ" ብዬ ተጣራሁ፣ "ይህን ሻወር ከፍተውት ያውቃሉ?"

"የምን ሻወር? ውሃ በቦቴ እየተገዛ?" ደንግጠው መጡ። "እኔ በሳፋ ነው የምታጠበው። የታጠብኩበትን ሽንት ቤቱ ላይ እደፋዋለሁ፣ የተረፈውን በረንዳ ላይ ያሉት አበባዎች ይጠጡታል። ወለሉንም በጨመቅሁት ጨርቅ ነው የማብሰው። አንዲት ጠብታ አላባከንኩም።"

ያኔ የራሴ ምግብ ቤት ትዝ አለኝ። ማድ ቤቱን ሳሳድስ ወር ያህል ዘግቼው ስመለስ እንዲሁ ሸቶኝ፣ ሥጋው ነው ብዬ ስንቱን ሥጋ ጥያለሁ። በኋላ የመጣው ፉንዲ ምንም ሳይፈታ ወለሉ ቀዳዳ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋና ሂሳቡን ተቀብሎኝ ሄደ። ከቀዳዳው ሥር ቱቦው ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ ውሃ ይቆማል። የፍሳሹን ሽታ ወደ ቤት እንዳይወጣ የሚይዘው ያ ውሃ ነው። ሲደርቅ መንገዱ ይከፈታል።

አንድ ቃል ሳልተነፍስ ሻወሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

"ኧረ ልጄ፣ ውሃው! ውሃው!" ብለው ክንዴን ያዙኝ። አልዘጋም ብዬ እየተጎተትኩ ነገሩን አስረዳኋቸው። ቀዳዳው ጉሮሮው እንደደረቀ ሰው ውሃውን ይውጣል። ክንዴን ቀስ ብለው ለቀቁ። ወጥተው አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሻንጣው አጠገብ ተቀመጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

"ታዲያ እኔ አይደለሁም?" አሉ።

"እርስዎ አይደሉም።"

"አንቺ ግን እንዳላዝን ብለሽ..."

"ጋሼ፣ እኔ እንዳያዝን ብዬ የዋሸሁት ሰው አለ?"

አሰቡ። "የለም" አሉ።

ጩኸቱን ሰምታ ዘመናይ በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሳትሰማ አልቀረችም፤ ፊቷ ልክ አልነበረም። እኔም አልማርኳትም። "ቤትሽን ያገማው ይሉኝታሽ ነው" አልኳት። "ውሃ እንዳላባክንባቸው ብለው ሰውዬው በሳፋ ይታጠባሉ፣ አንቺ እንዳይከፋቸው ብለሽ ሽቶ ትገዣለሽ። በሳፋ በታጠቡ ቁጥር ቀዳዳው ይደርቃል፣ በደረቀ ቁጥር ይሸታል፣ በሸተተ ቁጥር ይታጠባሉ። አንድ አፍ ያለው ሰው እዚህ ቤት ጠፍቶ!"

ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። "አባዬ፣ ይቅር በለኝ።"

"ምን አድርገሽ? አንቺም ፈራሽ፣ እኔም ፈራሁ" አሉና ራሷን ዳበሷት። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው፣ ልክ ድሮ እንደምታደርገው፣ አንገታቸው ሥር ወሸቅ አደረጓት። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ሽታው በማግስቱ እንደጠፋ አሁኑኑ ነግሬያችሁ ልገላገል። ይድነቃቸውም ትኬቱን ሰረዘ፣ ያ የቦቴ ወሬው ያመጣውን ሲነግሩት ራቱን አልበላም። ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት እሱን አይደለም።

ሐሊና እናቷ ስታለቅስ ሰምታ መጣች። ክፍሉን ግን አልገባችም፤ በሩን ይዛ ቆመች። አትምጪ መባል ለምዳ ነበር። "አባባ፣ ጉልበትህ ስቲል ያምሃል?" አለች።

"ድኗል። ነይ" አሏት።

ሮጣ ጭናቸው ላይ ወጣች። እሳቸው ግን ልማድ ሆኖባቸው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ ያን የፈሩትን ነገር ራሳቸው ጠየቁት።

"ሐሊናዬ፣ ምን ምን እላለሁ?"

አፍንጫዋን ከጆሯቸው ሥር አስገብታ ረጅም ጊዜ አሸተተች። የእውነት አስባበት ነው የመለሰችው።

"አባባ አባባ" አለች።

ጋሼ ሀብተወልድ ልጅቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው አቀፏት፤ እንባቸው ፀጉሯ ላይ ይወርዳል። ያኔ ነው ሻወሩን ሳልዘጋው መውጣቴን ያስታወስኩት። ውሃው ከወዲያ ክፍል ይወርዳል፤ ሁላችንም እንሰማዋለን። እሳቸውም ይሰማሉ። ዝጉት አላሉም።