የክሌም ኮትና የኔሊ ሽርጥ

ክሌም ከከሰል ጉድጓዱ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በእግሩ ሳይሆን በቃሬዛ ነው። ድንጋይ ወገቡ ላይ ወድቆበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎንበስ ማለት ብርቅ ሆነበት፤ አካፋ ማንሳትማ አይታሰብም። የቀረችው ነገር እሁድ ጠዋት ብቻ ነበረች። እኔ፣ እሱና ጓደኛችን ኤሞስ ፌሬቶቻችንን ይዘን ጥንቸል ለማደን ሜዳ እንወርዳለን።

ፌሬት ሸለምጥማጥ ቢጤ፣ ወገበ ረጅም ቀጭን እንስሳ ናት። ጥንቸሎቹ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባባቸው እነሱ ደንግጠው ወደ ዘረጋነው መረብ ይወጣሉ። አንዳንዷ ግን እዚያው አንዱን ይዛ ትበላና ጠግባ ትተኛለች። ያኔ ደንባችን አንድ ነው፤ ፌሬቱ የቀረችበት ሰው ይቆፍራል።

የክሌም አሮጊት ፌሬት የሞተች ጊዜ ኤሞስ፣ "እንግዲህ አንተም ቤትህ አረፍ በል" አለው። በደግነት ነው ያለው። ክሌም ግን ፊቱ ደም መሰለ።

"ቁፋሮ የማያስፈልጋት ፌሬት አሳድጌ አሳይሃለሁ" አለ። "ለእኔ ብላችሁ አንድ ቀን አካፋ ካነሳችሁ፣ ከዚያ ወዲያ እግሬ ሜዳውን አይረግጥም።"

እሱ ከማለ ማለ ነው። ሲጋራ የተወውም እንዲሁ በአንድ ቀን ነው።

የእኔዋ ፌሬት ወልዳ ስለነበር ከግልገሎቹ ነጯን መርጦ በኮቱ እጅጌ ውስጥ ይዟት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሚስቱ ኔሊ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

"ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም።"

"እያት እስቲ ኔሊዬ፣ ጣት እንኳ አታክልም።"

"ጣት የማታክል ነገር ጣት ስትበላ አይቻለሁ። ጓሮ!"

ጓሮ ሣጥን ተሠራላት። የክሌም ብልሃት ኮቱ ነበር። ያንን ከሰል ጉድጓድ ሲወርድ ይለብሰው የነበረውን ኮት ቀን ይለብሰዋል፣ ማታ ያነጥፍላታል። ፌሬት በጌታዋ ሽታ ካደገች፣ አልወጣም ያለች ቀን ኮቱን ጉድጓዱ አፍ ላይ መጣል ነው፤ ሽታውን ተከትላ መጥታ ትተኛበታለች። አባቶቻችንም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ስትነክሰውም እጁን አይጎትትም፤ ቡጢውን ጨብጦ ይሰጣታል። ቡጢ ለትንሽ አፍ አይመችም፣ ሰልችቷት ትተወዋለች።

በዚህ መሃል ዝናብ ጣለና ሣጥኑ አፈሰሰ። ኔሊ "ለዛሬ ብቻ" ብላ ወጥ ቤት አስገባቻት። የዛሬ ብቻዋ ክረምቱን ሙሉ ቆየች። አንድ ቀን ክሌም ምሳ በልቶ ሲያንኮራፋ መዶሻ ልዋስ ብገባ፣ ኔሊ ሥጋ በደቃቁ እየከተፈች ታጎርሳለች፤ ነጯ ከሽርጧ ኪስ አንገቷን አውጥታለች።

"ቤሲ፣ ቀስ ብለሽ ብይ፤ ማን ይቀማሻል?" ትላታለች።

"ቤሲ ደሞ ማናት?"

"የእህቴ ስም ነው። እሷም ትናከስ ነበር።" ቢላዋውን አነሳችብኝ። "ለክሌም ብትነግር ወዮልህ።"

አልነገርኩም። ጎረቤት ነኝ፣ ነገር አልወድም።

ቅጠል ሲረግፍ የመጀመሪያው እሁድ መጣ። ክሌም ተላጭቶ፣ ከወትሮው ቀና ብሎ ሜዳ ደረሰ። ነጯን ለቀቃት፤ ሁለት ጥንቸል መረብ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ነጯ ሳትወጣ ቀረች። ጠራት፤ የለችም። ኮቱን አውልቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ አነጠፈ። በሸሚዝ ቆሞ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው ጠበቅን፤ አሁንም የለችም። ኮቱን አንስቼ ባሸተው ጉድ ፈላ! የሳሙና ሽታ ነው። ኔሊ ባሏ በሰው ፊት ቆሽሾ እንዳይታይ ብላ ትናንት አጥባዋለች።

ኤሞስ አካፋውን አነሳ። ክሌም ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እኔ ያን ፊት ማየት አልቻልኩም።

"ኤሞስ፣ አንዲት አካፋ እንዳታሳርፍ!" ብዬ ወደ መንደር ሮጥኩ።

ኔሊ ሥጋውን ምድጃ ውስጥ እንደተወች፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ በነጠላ ጫማዋ መጣች። ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጉድጓዱ ውስጥ ጮኸች።

"አንቺ ባለጌ! ምሳሽ ሊበርድ ነው፣ አትወጪም?"

ትንሽ ቆይቶ ነጭ አፍንጫ ብቅ አለ። ቤሲ ዓይኗን በጨው አጥባ የጌታዋን ኮት ረግጣው አለፈችና የኔሊ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ገባች።

ማንም አልሳቀም። ክሌም ኮቱን ከጭቃው አነሳ።

"አካፋ አልተነሳም" አለ ኤሞስ አካፋውን ከኋላው እየደበቀ። "እሁድ እንገናኝ። ግን ኔሊንም ይዘህ ና።"

ስንመለስ ኔሊ ከኋላ ቀርታ ሜዳውን ታያለች።

"እንዲህ የሚያምር ቦታ ነው እንዴ የምትመጡት?" አለችኝ። "በትዳር ዘመኔ ሁሉ እሁድ እሁድ ድንች ስልጥ፣ አንድ ቀን ነይ ያለኝ የለም።"

ክሌም ሰምቷል።

በሚቀጥለው እሁድ ልጠራው ብሄድ፣ በዚያ ጭቃ በነካው ኮቱ በሩ ላይ ቆሟል። ድንቹ ተልጦ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባልለመደ እጅ ተልጦ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄዷል። ወደ ውስጥ ተጣራ።

"ኔሊ፣ ነይ እንጂ። ሰዎቹ እየጠበቁን ነው።"